ምኞት በሰላምታ ውስጥ፦ የአይሪሽ ቋንቋ የሰላምታና የምስጋና አባባሎች

አይሪሽ በኬልቲክ የቋንቋዎች ዘርፍ የሚመደብ ሲሆን፣ በ1937 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የአየርላንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 የአገሪቱ የመጀመሪያ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጎ ደንግጎታል። ይህ አጭር ጽሑፍ የቋንቋውን የዘወትር ሰላምታና ምስጋና ይመረምራል። አባባሎቹ ከጨዋነት መግለጫነት ባለፈ ሁለት ዐበይት የሰዋስው ባሕርያትን፣ ማለትም የምኞት አንቀጽንና ከተውላጠ ስም ጋር የሚዋሐድ መስተዋድድን፣ ይዘው መቆየታቸውን ያሳያል።

የተለመደው ሰላምታ «ዲያ ዲት» ነው። ቃል በቃል «እግዚአብሔር ለአንተ» ማለት ሲሆን፣ ግሡ የተዋጠበት አጭር ምርቃት ነው። መልሱ የተባለውን መድገም ሳይሆን መጨመር ነው፦ «ዲያ ስ ሚረ ዲት»፣ ማለትም «እግዚአብሔርና ማርያም ለአንተ» ይባላል። ሦስተኛ ምላሽ ካስፈለገ የቅዱስ ፓትሪክ ስም ይታከላል። «ሚረ» የሚለው ስም ለድንግል ማርያም ብቻ የተለየ ነው፤ ለሌሎች ሴቶች የሚሰጠው ስም «ሞይረ» ነው።

የምስጋናው አባባል «ጎ ሬቭ ማ አገት» ሲሆን ፍቺው «መልካም ነገር ከአንተ ዘንድ ይሁን» ነው። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «እኔ» የሚል ባለቤትም ሆነ «ማመስገን» የሚል ግሥ የለም። አመስጋኙ የራሱን ድርጊት አይናገርም፤ ለሌላው መልካሙን ይመኛል። «ጎ ሬቭ» የምኞት አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ በዛሬው አይሪሽ በአመዛኙ በምርቃት፣ በእርግማንና በቋሚ አባባሎች ተወስኖ የሚገኝ በመሆኑ፣ ምስጋናው የሰዋስው ቅርስ ተሸካሚ ነው ማለት ይቻላል። በአማርኛ «አመሰግናለሁ» የተናጋሪውን ድርጊት ሲገልጽ «እግዜር ይስጥልኝ» ምኞት ነው፤ የአይሪሹ አባባል ለሁለተኛው ይቀርባል። «ምስጋና» የሚል ትርጉም ያለው «ቢኸስ» የተሰኘ ስም በአይሪሽም አለ፤ ሆኖም ይበልጥ የሚሰማው በመደበኛ ንግግርና ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛው ባሕርይ «አገት» በሚለው ቃል ይታያል። ቃሉ «ከ... ዘንድ» የሚለው መስተዋድድና «አንተ» ወይም «አንቺ» የሚለው ተውላጠ ስም የተዋሐዱበት ነው። አይሪሽ ባለቤትነትን የሚገልጽ ራሱን የቻለ ግሥ ስለሌለው «መጽሐፍ አለኝ» ለማለት «መጽሐፍ ከእኔ ዘንድ አለ» ይላል። አማርኛም የህልውና ግሥን ይጠቀማል፤ ልዩነቱ አማርኛ ተውላጠ ስሙን ከግሡ ጋር፣ አይሪሽ ግን ከመስተዋድዱ ጋር ማጣመሩ ነው። ይቅርታም በዚሁ መንገድ «ታ ብሮን ኦረም»፣ «ሐዘን በእኔ ላይ ነው» ተብሎ ይገለጻል። በስንብት ጊዜ ደግሞ ሂያጁ ለሚቀረው «ስላን አገት» (ደኅንነት ከአንተ ዘንድ)፣ የሚቀረው ለሂያጁ «ስላን ላት» (ደኅንነት ከአንተ ጋር) ይላል። ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚለየው መስተዋድዱ ብቻ ነው።

እነዚህ ቅርጾች በአጠቃላይ ፆታንም ሆነ ማዕረግን አይለዩም፤ የሚለዩት ቁጥርን ነው። ስለዚህ «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» በሙሉ በ«አገት» ይጠቃለላሉ፤ ለብዙዎች ሲሆን ግን ቃሉ «አገቭ» ይሆናል።

የጉዳዩ ክብደት ከቋንቋው ይዞታ ጋር የተያያዘ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የአየርላንድ የሕዝብ ቆጠራ፣ ዕድሜያቸው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 40 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 1.87 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች፣ አይሪሽ መናገር እንደሚችሉ ገልጸዋል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየዕለቱ የሚናገሩት ግን 72,000 ያህል ብቻ ናቸው። በእነዚህ ሁለት አኃዞች መካከል ለሚገኙ ብዙ ሰዎች አይሪሽ ማለት ከትምህርት ቤት የተረፉ ጥቂት አባባሎች ናቸው።

ከዚህ አንጻር ሰላምታ ለአጥኚው አሳሳች ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ አባባሉን አንድ ወጥ ድምፅ አድርጎ የሸመደደና አወቃቀሩን የሚያውቅ ሰው በመስማት ብቻ አይለዩምና። ልዩነቱ የሚገለጠው ተደራሹ ሲለወጥ ነው። ሁለት ሰዎችን ሲያመሰግን ሳያመነታ «አገት»ን ወደ «አገቭ» የሚለውጥ ተናጋሪ፣ ከአባባሉ ጋር ሰዋስውንም ወርሷል። የቋንቋን ህልውና በተናጋሪዎች ቁጥር ለመለካት የሚሹ ጥናቶች እንዲህ ያለውን አነስተኛ ምልክት ቢያካትቱ፣ በሚታወስ ቋንቋና በሚነገር ቋንቋ መካከል ያለውን ርቀት በተሻለ ጥራት ሊያሳዩ ይችላሉ።