ፖርት ወይን ሲቆይ ይወደዳል፤ ጠጅ ለምን ይሆመጥጣል?

በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ለሠርግ ወይም ለበዓል ጠጅ የሚጥሉ ሰዎች መጠጡ ለዕለቱ እንዲደርስ ቀኑን አስልተው ይጀምራሉ። ጊዜው ካለፈ ይሆመጥጣልና። በፖርቱጋል ግን በበርሜል ውስጥ አሥርና ሃያ ዓመት ተቀምጦ ዋጋው የሚጨምር የወይን ዓይነት አለ። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? ለማር አምራቹስ ምን ይጠቅማል?

የአንድ ዓመት ምርት

ፖርት የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1756 ወሰኑ በተከለለው የዶውሮ ወንዝ ሸለቆ ከሚበቅል ወይን ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ በፖርቱጋልኛ «ኮልዬይታ» ማለትም «መከር» ይባላል። ፍሬው በሙሉ በአንድ ዓመት የተለቀመ ሲሆን፣ መጠጡ በእንጨት በርሜል ቢያንስ ለ7 ዓመታት ይቀመጣል። በእንጨቱ በኩል በጥቂት በጥቂቱ የሚገባው አየር ቀዩን ቀለም ወደ ቡናማ፣ ጣዕሙንም ወደ ደረቅ ፍራፍሬና ለውዝ ይለውጠዋል። በጠርሙሱ ላይ ፍሬው የተለቀመበት ዓመትና መጠጡ የታሸገበት ዓመት ይጻፋሉ። ገዢው የሚከፍለው ለዚህ በመዝገብ ለተረጋገጠ ዓመት ጭምር ነው።

የመቆየቱ ምክንያት

ወይኑ ፈልቶ ሳያበቃ 77 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው ከወይን የተጣራ አረቄ ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ እርሾው ሥራውን ያቆማል፤ ያልፈላው የፍሬው ስኳርም በመጠጡ ውስጥ ይቀራል። የአልኮሉ መጠን 20 በመቶ ገደማ ስለሚደርስ መጠጥን የሚያሆመጥጡ ባክቴሪያዎች ሊራቡ አይችሉም።

በኦሮምኛ ዳዲ የሚባለው ጠጅ ግን ማር በውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ገብቶበት በራሱ እርሾ የሚፈላ ነው። የአልኮሉ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ነው። እርሾውና ባክቴሪያዎቹ ሕያው ሆነው ስለሚቆዩ፣ አየር ሲያገኝ አልኮሉ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል። ጋኑን በንጽሕና ይዞ፣ በደንብ ከድኖ በቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር ይህን ለውጥ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ለማቆየት ሲባል አረቄ በግምት መጨመርም አይመከርም፤ በቤት የሚወጣ አረቄ የአልኮል መጠኑ አይታወቅምና።

ዓመቱ በማሩ ላይ ይጻፍ

ስለዚህ የምርት ዘመንን ይዞ ሊቆይ የሚችለው ጠጁ ሳይሆን ማሩ ነው። ከክረምት በኋላ ኑግና አደይ አበባ ሲያብቡ የሚገኘው ማር በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል፤ ከብሳና አበባ የሚገኘው ደግሞ በግንቦትና በሰኔ። ቀለማቸውም ሆነ ጣዕማቸው አንድ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ዕቃ ሲቀላቀሉ ገዢው የትኛውን እንደገዛ ማወቅ አይችልም፤ ስኳር የተቀላቀለበትን ለመለየትም ይቸገራል።

ማር አምራቾች የሚከተሉትን ቢያደርጉ ይጠቀማሉ፦

• ንቦቹ በሰም የከደኑትን የበሰለ ማር ብቻ መቁረጥ፤ የውሃው መጠን ከ20 በመቶ የበለጠ ማር በዕቃ ውስጥ ሊፈላ ይችላል።
• የእያንዳንዱን ቆረጣ ማር በተለየና በሚገጥም ክዳን በተዘጋ ንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ።
• በዕቃው ላይ ቀበሌውን፣ ወሩን፣ ዓመቱንና ዋናውን አበባ መጻፍ።
• በእሳት ከማሞቅና ፀሐይ ላይ ከማቆየት መቆጠብ።

ማር ግን እንደ ፖርት በመቆየት አይሻሻልም፤ ከዓመት ዓመት እየጠቆረ፣ መዓዛውም እየቀነሰ ይሄዳል። በዕቃው ላይ የሚጻፈው ዓመት ጥቅሙ የማሩን ምንጭና ትኩስነት ማሳወቁ ነው። ለጠጅ ማር የሚገዙ የከተማ ነዋሪዎችም የየትኛው ወርና የየትኛው አበባ መሆኑን ቢጠይቁ፣ ለይቶ የሚያስቀምጠው ገበሬ የልፋቱን ዋጋ ያገኛል።