ነፋስን በልክ መስጠት
ስለ ፍሳሽ ማጣሪያና ስለሚማር ማሽን

በዳንግላ ዙሪያ የሚነሡት ጅረቶች ወደ ግልገል ዓባይ፥ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና የሚፈስሱ ስለ ሆነ፥ በአዊ ደጋ ከቤትና ከተቋም የሚወጣው ፍሳሽ በምን አኳኋን ወደ ወንዝ እንደሚገባ መመርመር የዳንግላ ሰው ብቻ ሳይሆን የሐይቁን ዓሣ የሚበላ ሁሉ ጕዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እንቦጭ የተባለው አረምም የሚፋፋው ከእርሻና ከፍሳሽ ታጥቦ በሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነውና። ከተሞቹ እየሰፉ፥ በእንጅባራም ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ እጅግ ብዙ ወጣቶች በአንድ ግቢ በሚኖሩበት በዚህ ዘመን፥ ፍሳሽን አንጽቶ የመመለስ ነገር ለነገ ሊባል አይገባውም።

ፍሳሽን በረቂቃን ተሕዋስያን ማንጻት የቆየ ጥበብ ነው። አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1914 በማንችስተር፥ ወደ ቆሻሻ ውኃ አየር እየነፉ ዝቃጩን ሳይጥሉ ቢያቆዩት፥ በዝቃጩ የሚራቡት ተሕዋስያን ቆሻሻውን እየበሉ ውኃውን እንደሚያነጹት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ያማሞቶ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር፥ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ቀጫጭን ቱቦዎችን ዝቃጩ ባለበት ገንዳ ነክረው ንጹሑን ውኃ በቱቦዎቹ ግድግዳ በኩል መምጠጥ እንደሚቻል አስታወቁ። ሜምብሬን የሚባለው ይህ ግድግዳ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከ0.4 ማይክሮን ስለማይበልጥ አብዛኛው ባክቴሪያ አያልፈውም፤ የሚወጣውም ውኃ ዓይን የማይነቅፈው ጥሩ ውኃ ነው።

የዚህ ጸጋ ዋጋው ነፋስ ነው። ተሕዋስያኑ እንዲኖሩ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል፤ ሜምብሬኑም እንደ ጠላ ማጥለያ አተላ እየያዘው ስለሚደፈን፥ ከሥሩ ትልልቅ አረፋ እየተለቀቀ ዘወትር መታጠብ አለበት። አረፋው ካነሰ ውኃውን ለመሳብ የሚያስፈልገው ግፊት ቀስ በቀስ ይወጣል፥ በመጨረሻም ማጣራቱን አቁሞ በክሎር ውሕድና በሲትሪክ አሲድ ማጽዳት ግድ ይሆናል፤ አረፋው ከበዛ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ያለ ጥቅም ያሻቅባል። በዚህ ዓይነት ጣቢያ ከሚፈጀው ኃይል ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያም የሚበልጠው ለነፋስ የሚውል ቢሆንም፥ ባለሙያዎች በጥንቃቄ ምክንያት የነፋሱን ሞተር መዓልትና ሌሊት በሙሉ ኃይሉ የሚያስኬዱባቸው ጣቢያዎች ብዙ ናቸው።

ይህ ነገር በአዊ ደጋ ላይ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው፥ እኔም ከሁሉ ይልቅ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ይህን ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። በባሕር ወለል በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊሟሟ ሲችል፥ በእንጅባራ ከፍታ ግን ከ6.7 ብዙም አይዘልም። ተሕዋስያኑ በገንዳው ውስጥ 2 ሚሊግራም ያህል ይቆይላቸው ቢባል፥ ኦክስጅንን ከአረፋው ወደ ውኃው የሚገፋው ልዩነት ከ7.1 ወደ 4.7 ይወርዳል፤ ሲሶ ያህል ጐደለ ማለት ነው። ሜምብሬኑን የሚያጥበው አረፋ ግን ሥራውን የሚሠራው በስፋቱና በመናወጡ እንጂ በያዘው ኦክስጅን ስላልሆነ፥ ከፍታው ይህን ያህል አይጐዳውም። ስለዚህ በቆላ አንድ ላይ ተመዝነው የሚሰጡት ሁለቱ ነፋሳት በደጋ ሒሳባቸው ይለያያል። በዚህ ላይ ብርድ አለ፤ ውኃ ከ25 ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ለመፍሰስ ያለው እንቢታ በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፥ ሜምብሬኑ ሳይደፈን ግፊቱ የወጣ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ጥበብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የውኃው ፍሰት፥ ግፊቱ፥ የአየሩ መጠን፥ ሙቀቱና የዝቃጩ ብዛት በየደቂቃው እየተመዘገበ ለብዙ ወራት ሲከማች፥ ኮምፒዩተሩ በእነዚህ መካከል ያለውን ግንኙነት ከመዝገቡ ይማራል፤ ከተማረም በኋላ በሚቀጥሉት ሰዓታት ግፊቱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ እየገመተ፥ ከተወሰነው ልክ ሳያልፍ የሚበቃውን ትንሹን ነፋስ ይመርጣል። ነገር ግን በመዝገቡ ያልታየውን አያውቅም። አየሩ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ሲነፋ በኖረበት ጣቢያ የተማረ ማሽን፥ አየር ሲቀንስ ምን እንደሚሆን ከቶ አላየምና፥ ስለዚያ የሚናገረው ሁሉ መሠረት የለውም፤ ስለዚህ ባለሙያው አስቦበትና ተጠንቅቆ አየሩን አንዳንድ ጊዜ ዝቅ፥ አንዳንድ ጊዜ ከፍ እያደረገ ሊያሳየው ይገባል። ሁለተኛው አደጋ የጊዜ ነው፤ ኃይል የተቆጠበው ዛሬ ሲሆን የመደፈኑ ጕዳት የሚታየው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ስለ ሆነ፥ የዕለቱን ሒሳብ ብቻ እያየ የሚሸለም ማሽን ሜምብሬኑን ሳያውቅ ይገድለዋል።

በሩቅ አገር በባሕር ዳርቻ የተማረውን ማሽን አምጥቶ በእንጅባራ መትከል የማይበቃውም ስለዚህ ነው፤ የደጋው መዝገብ በደጋው መጻፍ አለበት። ይህ ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም። በዳንግላ ወረዳ በዳንገሸታ ቀበሌ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተባብረው የዝናቡን መጠን ከመለኪያው፥ የወንዙን ከፍታ ከተተከለው ሰሌዳ እያነበቡ፥ የመለኪያ ገመድም ወደ ጕድጓድ እያወረዱ የውኃውን ጥልቀት እየጻፉ ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ የወጣው ጥናትም የጻፉት ቍጥር ለሳይንስ የሚታመን መሆኑን መስክሯል። በእኔ አስተያየት ለሚማር ማሽን ከዚህ የበለጠ መግቢያ የለም፤ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ኮምፒዩተር በትጋት ያልተጻፈን ቍጥር ሊተካ አይችልምና።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ እንዳይወርድ በሜምብሬን ጭምር ተጣርቶ እንደ ገና ለሥራ እንዲውል ተደርጎ ስለ ተሠራ፥ ይህ ሥራ ለአገራችን ባለሙያዎች ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በአዊ የሚጀመረው ግን በትንሽ ገንዳ ቢሆን ይሻላል፤ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አንድ የሙከራ ማጣሪያ ተተክሎ፥ ክረምቱንም በጋውንም፥ የተማሪዎቹን የዕረፍት ጊዜና መብራት የሚጠፋበትንም ሌሊት ጨምሮ፥ ዓመት ሙሉ ይመዝገብ። ማሽኑ ሥራ ሲጀምር አየሩ ከዚህ አይውረድ የሚባል ወሰን ይበጅለት፤ በመጀመሪያዎቹ ወራትም አሳቡን ብቻ እየሰጠ ማዘዙ በሰው እጅ ይቆይ፤ ባለሙያውም የተቀበለውንም ያልተቀበለውንም ከነምክንያቱ በመዝገብ ያስፍር፥ ያም መዝገብ ለማሽኑ የሚቀጥለው ትምህርት ይሆናል።