ከፎርክሊፍት ወደ ዌምብሌይ፣ ከዌምብሌይ ወደ ሜይደንሄድ

የእንግሊዝ ዝውውር ሲነሳ የምንሰማው ቁጥር 60፣ 80፣ 100 ሚሊዮን ነው። ዛሬ የምናወራችሁ ግን በ5,000 ፓውንድ ስለተገዛ አማካይ ነው። አለን ዴቮንሻየር ይባላል። የዌስትሃም ደጋፊዎች ስሙን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሌሎቻችሁ ባታውቁትም አይፈረድባችሁም፤ የተጫወተው አብዛኞቻችን ሳንወለድ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

አባቱ ሌስ ለክሪስታል ፓላስ ተጫውቷል። ልጁም ፓላስ ታዳጊ ቡድን ገብቶ ነበር፣ ግን አልፈለጉትም፣ አሰናበቱት። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ሁቨር ፋብሪካ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ ከሥራ ውጪ ደግሞ ሳውዝሆል ለሚባል ትንሽ ክለብ ይጫወታል። ዌስትሃም 1976 ላይ የወሰደው ከዚያ ነው።

አራት ዓመት ሳይሞላው ዌምብሌይ ላይ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ተጫወተ። ልብ በሉ፣ ዌስትሃም ያኔ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበር። አርሰናልን 1 ለ 0 አሸነፉ፤ ትሬቨር ብሩኪንግ በጭንቅላቱ ያስቆጠራት ጎል የተነሳችው ዴቮንሻየር ከግራ መስመር ካሻገራት ኳስ ነው። በዚያው ወር ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ፣ በጠቅላላው 8 ጊዜ ተጫወተ። ይበልጥ ሊጫወት ይችል ነበር ብለን እናስባለን። ግን 1984 ላይ ከዊጋን ጋር በነበረ ጨዋታ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጉዳት ብዙ ተጫዋች ጫማውን የሰቀለበት ነው። እሱ ከአንድ ዓመት በላይ ከሜዳ ርቆ ተመለሰ። ፍጥነቱ ቀንሷል፣ ስለዚህ በጭንቅላቱ መጫወት ጀመረ። 1986 ላይ ዌስትሃም ሊጉን 3ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ክለቡ እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ደረጃ አላገኘም።

አሁን ወደ አሰልጣኝነቱ። እዚህ ጋ "ኖን ሊግ" ምን እንደሆነ ካልገባን ታሪኩ አይገባንም። በእንግሊዝ ከፕሪሚየር ሊግ እስከ ሊግ ቱ አራት እርከኖች አሉ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ኖን ሊግ ነው። ሬክሳም በሆሊውድ ተዋናዮች ተገዝቶ ሲወራለት የነበረው አምስተኛው እርከን፣ ናሽናል ሊግ፣ የኖን ሊግ ጣሪያ ነው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ተጫዋቹ ቀን መምህር ወይም ግንበኛ ሆኖ ውሎ ማታ ልምምድ የሚሠራ ነው። ፎርክሊፍት ሲነዳ የኖረ አሰልጣኝ ይህን ሕይወት አንድ ሰው እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

ዴቮንሻየር 1996 ላይ ሜይደንሄድ ዩናይትድን ያዘ። የክለቡ ሜዳ ዮርክ ሮድ ከ1871 ጀምሮ ሳይለወጥ አገልግሏል። ከዚያ ሃምፕተን ኤንድ ሪችመንድ ሄደ፣ 2007 ላይ አሳደገው፣ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ደግሞ ሁለቴ በተከታታይ የፕሌይኦፍ ፍጻሜ ተሸነፈ። ያማል። ብሬንትሪን አሠልጥኖ 2015 ላይ ሜይደንሄድ ተመለሰ፣ 2017 ላይ ሻምፒዮን አድርጎ ናሽናል ሊግ አስገባው።

ግን ለእኛ ትልቁ ነገር ማክስ ኪልማን ነው። በፉልሃምና በጊሊንግሃም ታዳጊ ቡድኖች አልፎ ሜይደንሄድ የደረሰ፣ ጎን ለጎን ለእንግሊዝ ፉትሳል የሚጫወት ልጅ ነበር። ዴቮንሻየር አሰለፈው። 2018 ላይ ዎልቭስ 40,000 ፓውንድ ገደማ ከፍሎ ወሰደው። ሜይደንሄድ ግን ሲሸጥ አንድ ብልህ ነገር ውል ውስጥ አስገባ፦ ዎልቭስ ወደፊት ልጁን አትርፎ ከሸጠ፣ ከትርፉ ድርሻ አለን። ትንሽ ክለብ ዋጋውን መጫን ስለማይችል የሚቀረው መሣሪያ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ምንም አያመጣም፤ ተጫዋቹ ወይ ይጎዳል ወይ ተረስቶ ይቀራል።

ኪልማን አልተረሳም። 2024 ላይ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፣ ለሜይደንሄድም ወደ 4 ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርሰው ተዘገበ። ገዢው ዌስትሃም ነው፣ ያው ዴቮንሻየርን በ5,000 የገዛው ክለብ።