ፓርቲዎች በብሔረሰብ ጥያቄ ላይ አቋማቸው ለምን ይለዋወጣል?

ስለ ፖለቲካ ስንከራከር «ይህ ፓርቲ ድሮም እንዲሁ ነው» ማለት ይቀናናል። ነገሩን ስንመረምረው ግን የፓርቲ አቋም ከዘመኑ ጋር ሲለዋወጥ እናያለን። ሰው በንግግሩ «ዘር» የሚለው፣ በሰነድ ደግሞ «ብሔር፣ ብሔረሰብ» የሚባለው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። ኢሕዴን በ1973 ዓ.ም. ከኢሕአፓ በተለዩ ታጋዮች ሲመሠረት ኅብረ ብሔራዊ ድርጅት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኢሕአዴግ አገሪቱን በብሔር ላይ በተመሠረተ ክልል ሲያዋቅር፣ ድርጅቱም በ1986 ዓ.ም. የአማራ ብሔር ድርጅት ሆነና ብአዴን ተባለ። በ2011 ዓ.ም. ስሙን ወደ አዴፓ ለወጠ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከስሞ አገር አቀፍ ወደሆነው ብልጽግና ፓርቲ ገባ። ከኅብረ ብሔር ወደ ብሔር፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ አገር አቀፍ መሄዱ ነው።

ደርግም ቢሆን በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ባወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የብሔረሰቦችን ራስን በራስ የማስተዳደር መብት በጽሑፍ ተቀብሎ ነበር። በተግባር ግን ሥልጣን ከማዕከል አልወጣም። ራስ ገዝ አስተዳደሮች የተቋቋሙት ከ11 ዓመት በኋላ፣ የሰሜኑ ጦርነት ከከፋ ወዲያ፣ በ1980 ዓ.ም. ነው።

በሌላው ዓለምም ይኸው ነው። በአሜሪካ ባርነትን ያስቀረው የሊንከን ሪፐብሊካን ፓርቲ ነበር፤ በደቡቡ ክፍል ጥቁሮችን ለይተው ያስተዳደሩት ዴሞክራቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ግን የዜጎችን እኩል መብት ሕግ የፈረሙት ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙው የደቡብ ነጭ መራጭ ቀስ በቀስ ወደ ሪፐብሊካኖች ዞረ።

ታዲያ ለውጡን የሚያመጣው ምንድን ነው? ጦርነት፣ የደጋፊ ፍለጋ፣ ከሌላ ድርጅት ጋር የሚደረግ ኅብረትና የአዲስ ትውልድ ጥያቄ ናቸው።

ጉዳዩ ለእኛ ለዕጩ መምህራን የወረቀት ነገር ብቻ አይደለም። ቀድሞ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል የነበረው መተከል ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። አዊ በአማራ ክልል ውስጥ የብሔረሰብ አስተዳደር ሆኗል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ስለፈቀደ፣ የአዊ ሕፃን በመጀመሪያ ደረጃ በአዊኛ ይማራል። ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ በአማርኛ ብቻ ነበር የተማረው። የፓርቲ አቋም ሲለወጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቋንቋም ይለወጣል ማለት ነው።

ነገ ተማሪ ስለ አንድ ፓርቲ ሲጠይቀን በስሙ ብቻ አንፍረድ። መቼ? ምን ጻፈ? ምን ሠራ? ብለን ሦስቱን ለየብቻ እናስረዳው። የአቋም ለውጥ ሁሉ ክህደት አይደለም፤ ሁሉም መሻሻል ነው ማለትም አይቻልም። ተማሪው መዝኖ እንዲፈርድ ማዘጋጀት የኛ ሥራ ነው።