አንድ ዓመት በቪየና፤ የልውውጥ ተማሪና የጀርመንኛ ቋንቋ

ለትምህርት ልውውጥ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ብርዱ፥ ስለ ምግቡና ስለ ገንዘቡ ነው። እኛም በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና አንድ የትምህርት ዓመት ለመቆየት ስንነሣ ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረንም። ዳሩ ግን የዓመቱን ፍሬ የሚወስነው ሌላ ነገር መሆኑን እዚያ ከደረስን በኋላ ተረዳን፤ ይኸውም ቋንቋው ነው። በዚህ ጽሑፍ የትምህርቱን ሥርዓትና በቋንቋው በኩል ያገኘነውን ልምድ ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

የቪየና ዩኒቬርሲቲ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1365 ዓ.ም. በመስፍኑ በሩዶልፍ 4ኛ የተመሠረተ ሲሆን፥ ዛሬ ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች ካሉት ዩኒቬርሲቲዎች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚው ነው። የትምህርቱ ዓመት በሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ክፍል በኦክቶበር 1 ቀን፥ ሁለተኛው ክፍል በማርች 1 ቀን ይጀምራል። የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት በ60 ነጥብ ይመዘናል፤ ይህም 1,500 የሥራ ሰዓት ማለት ነው። ሰዓቱ ሲሰላ በክፍል ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ተማሪው ለብቻው የሚያጠናበትም ይቈጠራል። ተማሪው የሚወስዳቸው ትምህርቶች በሁለቱም ዩኒቬርሲቲዎች ዘንድ በጽሑፍ የተፈቀዱ መሆናቸውን ከመነሣቱ በፊት ማረጋገጥ አለበት፤ ይህን ሳያደርግ የሄደ እንደ ሆነ ዓመቱ ሳይቈጠርለት ሊቀር ይችላል።

ወደ ከተማው የገባ ሰው ማረፊያ በያዘ በ3 ቀን ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ግዴታው ነው፤ በቅጹም ላይ ቤቱን የሰጠው ሰው ይፈርምበታል። የመጀመሪያው ስሕተታችን የደረሰው በዚሁ ጊዜ ነው። ያረፍንበት ቤት ኀላፊ ሊፈርሙልን ጧት «ሃልብ አኽት» እንድንመጣ ቀጠሩን። ቃሉ በቀጥታ ሲተረጐም «ግማሽ ስምንት» ስለ ሆነ፥ በአውሮጳ ሰዓት ስምንት ተኩል መስሎን ሄድን። እርሳቸው ግን ሰባት ተኩል ላይ ጠብቀውን ወደ ሥራቸው ሄደው ኖሯል። በጀርመንኛ «ግማሽ ስምንት» ማለት ስምንተኛው ሰዓት ተጋመሰ ማለት መሆኑን ያን ዕለት ተማርን።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን በመጽሐፍ የተማርነው ጀርመንኛ በቪየና ከሚነገረው ጋር በብዙ ቃላት አለመግጠሙ ነበር። ለምሳሌ ያህል ድንች በመጽሐፋችን «ካርቶፈል» ሲሆን፥ በቪየና ገበያ «ኤርድአፕፈል» ይባላል፤ ትርጓሜውም የምድር ፖም ማለት ነው። የጃንዋሪ ወርም በጀርመን አገር «ያኑአር» ሲባል በኦስትሪያ «ዬነር» ነው። ይህን ሽሽት ከየአገሩ የመጡ የልውውጥ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ወደሚጫወቱበት ማኅበር ተጠጋን፤ እንግሊዝኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርንበት ቋንቋ ነውና። ከዚህም የተነሣ እስከ ገና ድረስ ከከተማው ሰዎች ጋር ያደረግነው ንግግር ከሱቅና ከባቡር ጣቢያ አላለፈም። ዋጋውንም በጃንዋሪ መጨረሻ ከፈልን፤ በአንድ የቃል ፈተና ላይ ትምህርቱን እያወቅነው ጥያቄው ሳይገባን ቀርቶ ወደቅን።

ከዚያ በኋላ ጀርመንኛን በእንግሊዝኛ አማካይነት ማጥናቱን ትተን ከአማርኛ ጋር ማስተያየት ጀመርን። በዚህም ጊዜ ሁለት ነገሮች ጐልተው ታዩን። አንደኛው የግሡ ቦታ ነው። እንግሊዝኛ ግሡን በመካከል ያስገባል። በጀርመንኛ ግን ዋናው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ባይሆንም፥ ምክንያት የሚገልጸው ጥገኛ ሐረግ ግሡን ወደ መጨረሻ ይገፋዋል፤ «ቫይል ኤስ ሞርገን ሬግኔት» ሲባል የዝናቡ ግሥ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ሁሉ፥ እኛም «ነገ ስለሚዘንብ» እንላለን። አማርኛ ተናጋሪ እስከ መጨረሻው ታግሦ መስማት ልማዱ ስለ ሆነ ይህ ሊከብደው አይገባም።

ሁለተኛው የአክብሮት አነጋገር ነው። ጀርመንኛ ለቅርብ ሰው «ዱ»፥ ለሚከበር ሰው «ዚ» ይላል። «ዚ» ደግሞ «እነርሱ» ማለትም ነው፤ ስለዚህ «ዚ ኮመን» የሚለው «እነርሱ ይመጣሉ» ወይም «እርስዎ ይመጣሉ» ተብሎ ይተረጐማል። የእኛም «ይመጣሉ» ለሁለቱም ያገለግላል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁት ጓደኞቻችን መምህሩን «ዱ» እያሉ ሲያፍሩ፥ እኛ ለማን «አንተ» ለማን «እርስዎ» እንደሚባል ከቤታችን ይዘነው የመጣን ነገር ነበር።

በማርች ወር ከአንድ የአገሩ ተማሪ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ተገናኝቶ ማጥናት ጀመርን፤ በእንግሊዝኛም ላለመነጋገር ተስማማን። በጁን ወር የወደቅነውን ፈተና ደግመን ተፈትነን አለፍን። ለግማሽ ዓመት ብቻ መጥተው የነበሩት ጓደኞቻችን ግን ጆሯቸው ለቋንቋው መከፈት ሲጀምር ወደየአገራቸው ተመልሰው ነበር።

ስለዚህ ከእኛ በኋላ ለሚሄዱ ወንድሞችና እኅቶች የምንመክረው ይህን ነው። የሚቻል ከሆነ የሚሄዱት ለሙሉ ዓመት ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹንም ወራት በባዕድ ቋንቋ ጥላ ሥር ተቀምጠው አያሳልፏቸው። ወደ ጀርመንኛ ለመግባት የሚረዳ መሣሪያ ከእናታቸው የተማሩት አማርኛ መሆኑንም አይዘንጉ።