ከበረዶ ሥር የሚጓዘው ዓሣ ነባሪ

በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአርክቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኘው ኡትኪያግቪክ ኅዳር ላይ ፀሐይን ከተሰናበተች ዳግም የምታያት ጥር ሲጋመስ ነው። የመኪና መንገድ አይደርስባትም። 5 ሺህ ከሚጠጉት ነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ኢኙፒያት የሚባሉ የአገሩ ተወላጆች ናቸው።

ሚያዝያ ላይ የባሕሩ በረዶ ሲሰነጠቅ ቦውሄድ የተባለው ግዙፍ ዓሣ ነባሪ በስንጥቁ ይመጣል። አዳኞቹም በረዶው ላይ ድንኳን ተክለው፣ ኡሚያክ የሚሉትን በቆዳ የተለበጠ ጀልባ አሰናድተው ይጠብቁታል። ድምፅ ማሰማት ነውር ነው፤ እንስሳው ጆሮው ስል ነዋ! የታደነው ሥጋ ለመላው መንደር ይከፋፈላል። ነገሩ ከእኛ ቅርጫ ጋር ቢመሳሰልም ገንዘብ የሚባል ነገር የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ1977 ግን ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን አደኑን አገደ። የቀሩት ከ600 እስከ 2 ሺህ ብቻ ናቸው ተብሎ ተገምቶ ነበር። ቆጣሪዎቹ በረዶው ዳር ቆመው፣ በስንጥቁ ሲያልፉ ያዩአቸውን ነበር የሚቆጥሩት። አዳኞቹ ይህን አልተቀበሉም፦ «ዓሣ ነባሪው ከበረዶው ሥርም ይሄዳል፤ እናንተ የምታዩት ጥቂቱን ነው» አሉ። የራሳቸውን ኮሚሽን አቋቁመውም ተሟገቱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ እገዳው ተነሥቶ በአነስተኛ ኮታ ተተካ።

ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ድምፅ መቅጃ ውኃ ውስጥ ነከሩ። ከዓይን የተሰወሩት ዓሣ ነባሪዎች እየጮኹ ሲያልፉ ተሰሙ። ቦውሄድ ጀርባው ላይ ክንፍ የለውም፤ ስለዚህ በረዶው ሥር ሳይጋጭ ይሄዳል፤ አየር ሲያሻው በረዶውን በጭንቅላቱ ሰብሮ ይተነፍሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተካሄደው ቆጠራ ቁጥራቸውን ወደ 17 ሺህ አድርሶታል። በእርግጥ መንጋው በእነዚያ ዓመታት ተራብቷል፤ የመጀመሪያው ግምት እጅግ ማነሱ ግን አያከራክርም።

ሽማግሌዎቹ ሌላም የሚሉት ነበራቸው፦ ቦውሄድ የሁለት ሰው ዕድሜ ይኖራል። ይህም ተረት ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ግን ከዓይን ሌንስ ኬሚስትሪ ተነሥቶ አንዱን 211 ዓመት ገደማ ገመተው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ አዳኞች ከጣሉት አንድ ዓሣ ነባሪ ገላ ውስጥ በ1800ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የፈንጂ ጦር ስብርባሪ ወጣ።