የሞተሩ ፍል ውሃ ከአልጋ ሥር ምን ይሠራል?

በአሜሪካ ተማሪ የሚያመላልሱት ቢጫ አውቶቡሶች ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ካገለገሉ በኋላ በጨረታ ይሸጣሉ። ከሚገዟቸው መካከል ወንበሩን ነቅለው፣ አልጋና ማድ ቤት ሠርተው ሊኖሩባቸው የሚያስቡ አሉ። የቤት ኪራይ እንዲህ በናረበት ዘመን ሐሳቡ ብዙዎችን ቢማርክ አይገርምም። ወንበሩ ተነቅሎ ሲያልቅ ግን በግድግዳው ሥር ወፋፍራም ጎማ ቱቦዎችና ፋን ያላቸው የብረት ሣጥኖች ይገኛሉ። ይህ የአውቶቡሱ ነባር ማሞቂያ ነው። አንዳንዱ ሁሉንም ነቅሎ ይጥላል፤ ሌላው እንዳለ ትቶ ወለሉን ከላዩ ያነጥፋል። ሁለቱም ስሕተት ይመስለኛል። የኋላው ማሞቂያ ከነቱቦው መውጣት፣ ሾፌሩ ጋ ያለው ደግሞ መቆየት አለበት።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይበቃል። ማሞቂያው የራሱ እሳት የለውም፤ ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ መካኒኮች ኩላንት ወይም አንቲፍሪዝ የሚሉት፣ እንደ ጋለ በጎማ ቱቦ እስከ አውቶቡሱ ኋላ ይሄዳል። ወንበር ሥር ባሉት ሣጥኖች ውስጥ ትንንሽ ራዲያተሮች አሉ፤ ፋኑ አየር እየነፋባቸው ሙቀቱን ያወጣና ፈሳሹ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሞተሩ ከፊት በሆነ፣ 12 ሜትር ገደማ በሚረዝም አውቶቡስ መሄጃና መመለሻው ሲደመር ቱቦው 20 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ለተማሪ ማመላለሻ ይህ ጥሩ ዘዴ ነበር። በየፌርማታው በሩ ይከፈታል፣ መስኮቶቹ ባለ አንድ መስታወት ናቸው፣ ሞተሩም መንገዱን ሁሉ ይሠራል። ቱቦው ቢያፈስ እንኳ ወለሉ ላይ ወዲያው ይታያል፤ መካኒኩም ሽፋኑን ፈትቶ ይደርስበታል።

አውቶቡሱ ቤት ሲሆን ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ቱቦው በጣውላ፣ በቁም ሣጥንና በአልጋ ይሸፈናል። ያረጀ ጎማ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ማሰሪያውም ይላላል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስና ግፊት ያለበት ስለሆነ ድንገት ቢፈነዳ ሰው ያቃጥላል። ቀስ ብሎ ቢያፈስስ? ያኔ ጣውላውን ያበሰብሳል፣ ከሥሩ ያለውን ብረት ያዝጋል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ሽታው ሲመጣ ነው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ መርዝነቱ ነው። በብዛት የሚሠራበት ኩላንት ኤቲሊን ግላይኮል አለበት፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ኩላሊት ግን ያወድማል። ወለል ላይ የሚድህ ሕፃን ወይም ውሻ ባለበት ቤት ይህን ከወለል በታች መቅበር ተገቢ አይደለም።

“ሙቀቱ እኮ በነፃ ነው” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አውቶቡሱ እየሄደ ሳለ በነፃ ነው። ቤት ግን ሙቀት የሚሻው በአብዛኛው ሌሊት፣ ሞተሩ ጠፍቶ በቆመበት ሰዓት ነው። ለሙቀት ሲባል ሞተር አስነሥቶ ማደር በሰዓት ሁለት ሦስት ሊትር ናፍጣ ሊፈጅ ይችላል፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድም ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። “አዲስ ቱቦ ብቀይርለትስ?” ለሚለው ክርክር ግን ክብደት እሰጠዋለሁ። ክረምቱ በሚበረታባቸው ግዛቶች ልጆችን ከኋላ አስቀምጦ አዘውትሮ ለሚጓዝ ቤተሰብ አንድ የኋላ ማሞቂያ ማስቀረት ትክክል ሊሆን ይችላል። ይህም ቱቦው አዲስ፣ መዝጊያ ቫልቭ ያለውና ሽፋኑ በቀላሉ የሚነሣ ከሆነ ነው። ቆሞ ለሚያድረው ለአብዛኛው ሰው ግን ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ የናፍጣ ማሞቂያ፣ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ጋር፣ ይሻለዋል።

የፊቱንም እንንቀል ለሚሉት መልሱ መስታወቱ ላይ ነው። ሾፌሩ ጋ ያለው ማሞቂያ የፊት መስታወቱን ከበረዶና ከላብ ያጠራል። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ አዲስ መኪና ይህ እንዲኖረው የሚያስገድደው ሾፌሩ መንገዱን እንዲያይ ነው። ሰው ተኝቶበትና ምግብ በስሎበት ያደረ አውቶቡስ መስታወት ደግሞ ከሌላው የባሰ ላብ ይይዛል።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ የራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ፈሳሹ በዕቃ ይቀዳል እንጂ ሜዳ ላይ አይደፋም፤ የሚረከቡ ቦታዎች አሉ። የኋላው ቱቦ ከወጣ በኋላ ሁለቱን ጫፎች ዝም ብሎ ከመድፈን ይልቅ ፈሳሹ በፊቱ ማሞቂያ አልፎ ወደ ሞተሩ እንዲመለስ ማገናኘት ይሻላል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ይህ ዝውውር ለማቀዝቀዣው ሥርዓት ያስፈልጋል። ሲሞላም ያገኙትን ኩላንት መጨመር አይበጅም። በእነዚህ አውቶቡሶች የተለመደው የኢንተርናሽናል ዲቲ466 ሞተር ሲሊንደሮቹ በቀጥታ በፈሳሹ የተከበቡ ስለሆነ፣ ብረቱን ከመቦርቦር የሚጠብቅ ኬሚካል ያለው ኩላንት ይፈልጋል። በመጨረሻም በመሥመሩ የታሰረው አየር መውጣት አለበት፤ አየር ከቀረ ሞተሩ ሊግል ይችላልና። ስለዚህ ጣውላው ከመነጠፉ በፊት አውቶቡሱ ረዘም ያለ መንገድ ይነዳ፣ የሙቀት መለኪያው ይታይ፣ ማያያዣዎቹም አንድ በአንድ በእጅ ይዳሰሱ፤ እርግጥ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ።